ምስጋናው ከማዶ

«አባባ፣ ይሻገሩ! ምስጋናው ከማዶ!»

ይህን ስጮህ ያልሰማ የዋናው መንገድ ሰው የለም። ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤቴ ደብረ ታቦርን ለሁለት ሰንጥቆ በሚያልፈው አስፋልት ዳር ነው፤ ብርሃን ስለምፈልግ የስፌት መኪናዬን በረንዳ ላይ አውጥቼ ነው የምሠራው። ፊት ለፊቴ ዜብራው አለ። አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት መሀል መንገድ ደርሰው፣ ለቆመላቸው ሹፌር እጅ ሊነሱ ዞር ሲሉ ካየሁ፣ ጨርቁ ይበላሽ፣ መርፌው ጣቴን ይውጋው፣ ብድግ ብዬ እጮሃለሁ። የባጃጅ ልጆች ይስቁብኛል። «ትራፊኳ ተነሳች!» ይላሉ። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ድምፄን አስመስለው «ምስጋናው ከማዶ!» የሚሉም አሉ። ያሹፉ። ሲያሾፉም ቢሆን ቃሉ በሰው ጆሮ ይገባል።

አንዳንድ ደንበኞቼ ደግሞ አዝነው ነው የሚያዩኝ። ከንፈር ይመጡልኛል። ሐዘን ናላዋን አዙሮት ነው የሚሉ ይመስለኛል። ሐዘኑስ እውነት ነው፤ ናላዬ ግን ደህና ነው። የምጮኸው የማውቀው ነገር ስላለ ነው።

አባቴ ባላገር ነበሩ። ከገሳይ ወደ ጉና በሚያወጣው በኩል፣ ከገብስና ከድንች ሌላ እምብዛም በማይበቅልበት ብርድ አገር ነው አርሰው ያሳደጉን። እናቴ ስታርፍ ቤቱ ኦና ሆነባቸው፤ ጉልበታቸውም ከዳቸው። ወንድሜና እኔ ተመካከርንና ወደ እኔ እናምጣቸው አልን። እሳቸው እሺ የሚሉ አልነበሩም። «ከተማ ገብቼ ምን ልሠራ? ወጪ ወራጅ ልቆጥር?» እያሉ ሙግት ያዙ። ያሸነፍኳቸው በቤተ ክርስቲያን ነው። «አባዬ፣ ቤተ ክርስቲያኑ እኮ ከደጃችን ፊት ለፊት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ኪዳን ሳያመልጥዎ ያደርሳሉ» አልኳቸው። ይህን ሲሰሙ ሙግቱን ተዉት፤ በሳምንቱ ጋቢያቸውንና ዱላቸውን ይዘው መጡ።

ያልኳቸው ውሸት አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኑ ከደጃችን ፊት ለፊት ነው። በመሀል ግን አስፋልቱ አለ።

ይህ አስፋልት የከተማ መንገድ ይምሰል እንጂ የአገር መንገድ ነው። ከባሕር ዳር፣ ከወረታ የተነሳው ሁሉ ወደ ነፋስ መውጫና ወደ ወልድያ ሲወጣ በእኛ ደጅ ነው የሚያልፈው። ከዚያ ወደዚህ የሚመጣውም እንደዚሁ። ዱሮ የተቀባው ዜብራ ጠፍቶ፣ አንድ ሁለት ቦታ ላይ ነጣ ያለ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። ዜብራ መሆኑን የሚያውቀው ሲቀባ ያየ ሰው ነው። ሹፌሮቹ የት ይወቁት? ስለዚህ ማንም አይቆምም፤ ሰዉም ልጁን እያንጠለጠለ፣ ነጠላውን እየሰበሰበ ይሮጣል።

አባቴ ግን የሚሮጡ ሰው አይደሉም። የሚያስቸግራቸውም ፍርሃት አልነበረም። እሳቸው የሚያውቁት መንገድ ሌላ ነው፤ ገደል ጥግ ጥጉን የምትሄድ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስሄድ ቀጭን መንገድ። ያቺ መንገድ ሕግ አላት። ጭነት የያዘ አይቆምም። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ጭነት ይዞ የሚመጣ ሲያይ ወረድ ብሎ ያሳልፋል። አህያ ዳገት ላይ ከቆመች ጭነቷ ይዛባል፤ እንደገና ማስነሳቱ መከራ ነው። ጭነት ያስቆመ ሰው ስሙ ይነሳል፤ «የእገሌ ልጅ መንገድ አያውቅም» ይባላል። በአባቴ አገር ከዚህ የሚብስ ነውር ብዙ የለም።

እና አባቴ ይህንን ሕግ ይዘውት አስፋልት ዳር ቆሙ። አይሱዙ ድንች ጭኖ መጣ፤ ያሳልፋሉ። አውቶቡስ መጣ፤ «ሰው ከጭነት ሁሉ ይከብዳል» ብለው ያሳልፋሉ። ባጃጅ መጣች። «አባዬ፣ ባጃጅ እኮ ናት!» ስላቸው፣ «ብትሆንስ? ሁለት ነፍስ ተሸክማለች» አሉኝ። መንገዱ ለአፍታ ጭር ሲል እግራቸውን ያነሳሉ፤ ወዲያው ከሩቅ ሌላ ጭነት ያያሉ፤ ይመለሳሉ። በገበያ ቀን ኪዳኑ ደርሶ፣ ሰዉ ተመልሶ እየወጣ፣ እሳቸው ከወዲህኛው ዳር እንደቆሙ አገኛቸው ነበር። ጋቢያቸው በጉም ርሶ፣ አፍንጫቸው በብርድ ቀልቶ። ከዚያው ሆነው ለደጀ ሰላሙ ተሳልመው ይመለሱና እሳት ዳር ይቀመጣሉ። ተከፍተው እንደሆነ የማውቀው ቁርስ ሳቀርብላቸው «ትንሽ ይቆየኝ» ሲሉ ነው።

እኔ ደግሞ ቶሎ የሚነደኝ ሴት ነኝ። «መኪና አህያ አይደለም! ቢቆም ጭነቱ አይዛባም፣ አይደክመውም!» ብዬ እጮህባቸዋለሁ።

«መኪናው ባይደክመው ሰውየው ይደክመዋል» ይሉኛል ረጋ ብለው። «ከየት እንደተነሳ ታውቂያለሽ? ልጁ ታሞበት እየተጣደፈ ቢሆንስ?»

ንዴቴን ይዤ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ።

መንገድ የሚመለከተው ክፍል ውስጥ አንድ ሰው አሉ፤ መልካም ሰው ናቸው፤ ክፋት የለባቸውም። ግን «በእቅድ ተይዟል» ከሚለው ቃል ሌላ ቃል ያልፈጠረባቸው ይመስል ነበር። ተመላለስኩ። የተማሪ ዩኒፎርም ስፌት አስቀምጬ ተመላለስኩ። አንድ ቀን «እቅዱ እስኪወለድ እኛ አለቅን እኮ!» ብዬ ጠረጴዛቸውን መታሁት። ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙና እውነቱን ነገሩኝ፦ ቀለሙ ቀላል ነው፣ ከእሱ በፊትና በኋላ ግን የመኪና ፍጥነት የሚያበርድ ጉብታ መሠራት አለበት፣ ለጉብታው ደግሞ በጀት አልተለቀቀም። «ቀለሙ ይቅደም ካሉ ግን ለጥምቀት ከተማው ሲጸዳ አስቀባለሁ» አሉኝ። እኔም፣ ጎረቤቶቼም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰበካም ይቅደም አልን። ከምንም ይሻላል አልን። ማንም ሰው እንዲሁ ነው የሚለው።

ለጥምቀት ሳምንት ሲቀረው ተቀባ። እሰይ ብዬ እልል አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ በረንዳዬ ላይ ቆሜ እልል አልኩ። ነጩ ቀለም ጥቁሩ አስፋልት ላይ አዲስ የታጠበ ነጠላ መስሎ ተዘረጋ። አባቴ ወጥተው ሲያዩት ቆዩ። «ይህ ዥንጉርጉር ነገር ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የእርስዎ መንገድ ነው፣ አባዬ። እዚህ ላይ የቆመ ሰው ቀዳሚ ነው። ጭነት የያዘው ነው የሚቆመው።»

«ማን አለ?»

«ሕጉ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። አላመኑም።

በማግስቱ ክንዳቸውን ይዤ ዜብራው ጫፍ ላይ አቆምኳቸው። ከገሳይ በኩል ድንች የጫነ አይሱዙ መጣ፤ አየንና ቀስ ብሎ ቆመ። እኔ «በሉ» አልኳቸው። አባቴ ግን ዱላቸውን አንስተው ሹፌሩን እለፍ አሉት። ሹፌሩ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ «ይለፉ እንጂ አባባ!» አለ። «አይሆንም፣ ጭነት ይዘሃል፣ እለፍ!» «ኧረ እርስዎ ይለፉ!» «ኧረ በሞቴ!» እግዚኦ! ልክ የሠርግ ቤት በር ላይ ቅደም ቅደም እንደሚባባሉ እንግዶች ሆኑ። ከኋላ የተሰለፈው መኪና ክላክሱን ያንባርቃል። እኔ በሳቅና በኀፍረት መሀል ምድር ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። በመጨረሻ ሹፌሩ ሞተሩን ጭራሽ አጠፋው፤ ክርኑን መሪው ላይ አስደግፎ፣ ጉንጩን በመዳፉ ይዞ ይስቅ ጀመር። አባቴ ሞተሩ መጥፋቱን ሲሰሙ ነው የተሸነፉት። ተሻገሩ። መሀል ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ፤ ወደ ሹፌሩ ዞሩና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ዝቅ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱት። የሆነ ነገርም ተናገሩ፤ በክላክሱ ጩኸት አልተሰማም። ሰውየውም ከመቀመጫው ሆኖ ጎንበስ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ኪዳን አላመለጣቸውም። ስንት ዓመት የሸሻቸው ሳቅ ተመለሰ። ያ ሹፌር ድንች ወደ ባሕር ዳር ሲያወርድ ብዙ ጊዜ በዚያው ሰዓት ስለሚያልፍ ተዋወቁ፤ ተዋወቁ ስል ስም ተጠያይቀው አይደለም። እሱ ይቆማል፤ እሳቸው መሀል ላይ እጅ ይነሳሉ፤ እሱ እጁን ያነሳል። በቃ። አባቴ ቁርስ ላይ «ዛሬ ወዳጄ አለፈ» ይሉኛል። ሳያዩት ሲሰነብቱ «ምን አግኝቶት ይሆን?» እያሉ ያስባሉ፤ በጸሎታቸውም ይጠሩት ነበር መሰለኝ።

እኔ ይህ መሀል መንገድ መቆም አላማረኝም። «አባዬ፣ መጀመሪያ ይሻገሩ፤ ከተሻገሩ በኋላ ከማዶ ሆነው ያመስግኑት» አልኳቸው።

«ከማዶ ሆኜ ምን ያየኛል? እስከዚያ ይሄዳል።»

«ባያይስ?»

«እንዴት ባያይስ? መንገድ ለቆልኝ፣ አጥንት እንደቀማ ውሻ ጀርባዬን ሰጥቼው ልሂድ? ምስጋና ፊት ለፊት ነው፣ ልጄ።»

እንዲህ ሲሉኝ ስቄ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። ከአባቴ ጋር ስለ ነውር ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው የለም።

እነሆ ወደዚያ ቀን ደረስኩ። ባልደርስ እወድ ነበር።

መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ነበር፤ የእኛ አገር መንገድ በዚህ ዘመን ይዘጋል፣ ይከፈታል። የተከፈተ ቀን የታገደ ወንዝ እንደተለቀቀ ነው፤ መኪናው ሁሉ እንደገና ሳይዘጋ ልድረስ ብሎ ይንጋጋል። ያን ቀን ጠዋት ጉሙ ወርዶ ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ። ሲወጡ ለእኔ የተናገሩት «በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባል» የሚል ነው። ዘጋሁት። ከዚያ የስፌት መኪናዬን በረንዳ ላይ አወጣሁ። ዜብራው ጫፍ ላይ ቆመው አየኋቸው። አይሱዙው ሲቆምም አየሁ፤ የወዳጃቸው አይሱዙ ነበር። ተመስገን፣ መንገዱም ተከፈተ፣ ሰውየውም ደህና ነው አልኩና መርፌ ላይ ክር ላስገባ አቀረቀርኩ።

ክሩ ሳይገባልኝ ነው ድምፁን የሰማሁት። ድምፁን አልጽፈውም።

ከአይሱዙው ኋላ የነበረ ሚኒባስ ነው። አይሱዙው ተበላሽቶ ወይም ዕቃ ሊያወርድ የቆመ መስሎት ነው፤ መሪውን ጠምዝዞ በጎኑ ወጣ። ከዚያ ከረጅም ጭነት ጀርባ ለሚመጣ ሰው አባቴ አይታዩም፤ ለአባቴም እሱ አይታይም። ቶሎ ተሻግረው ቢሆን ማዶ ይደርሱ ነበር። እሳቸው ግን መሀል ላይ ቆመው፣ ፊታቸውን ወደ ወዳጃቸው አዙረው፣ ጋቢያቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። ስደርስ ጋቢው ነጩ ቀለም ላይ ተዘርግቷል፤ ወዳጃቸው ወርዶ ራሳቸውን በጉልበቱ ይዟል። አባቴ አልፈዋል። ዓይናቸውን የከደንኩት እኔ ነኝ።

በእኛ አገር ለቅሶ የሚደርስ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ። እግዚአብሔር ያጽናሽ ይልሻል፤ ቁጭ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ «ለመሆኑ ምን ብለው አረፉ?» ይልሻል። አባት ሲሞት ልጁን መርቆ ነው የሚሞተው። ያ የመጨረሻ ቃል ከርስት አይተናነስም፤ ልጅ ዕድሜ ልኩን «አባቴ ሲያርፉ እንዲህ ብለውኝ» እያለ ይኖርበታል። እኔ ምን ልበል? «በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባል» ብለውኝ ልበል? ድንኳኑ ውስጥ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ይህች ጥያቄ እንዳትመጣ አንገቴን ደፍቼ አለቅስ ነበር። ደግሞም ትመጣለች።

በሠልስቱ ማግስት አንድ ሰው ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። አልገባም፤ ኮፍያውን አውልቆ በደረቱ ይዞ ቆመ። ወንድሜ አላወቀውም። «ማን ነህ?» ሲለው፣ «የቆምኩላቸው እኔ ነኝ» አለ። ወንድሜ የገጨው ሰው መስሎት ዘሎ ተነሳ፤ ሽማግሌዎች ያዙት። «ተወው! የአባዬ ወዳጅ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አስገብቼ ከጎኔ አስቀመጥኩት።

ሰውየው ያለቅሳል፤ እንዲያ የሚያለቅስ ወንድ አይቼ አላውቅም። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው» ይላል። «ባልቆም ኖሮ ዳር ሆነው ያሳልፉኝ ነበር፤ በሕይወት ይኖሩ ነበር። እለፍ እያሉኝ እኔ ነኝ ያሻገርኳቸው። ከእንግዲህ ለማንም ሰው አልቆምም። ማርያምን አልቆምም!»

እኔ የምጓጓው ግን ለሌላ ነገር ነበር። እጁን ያዝኩት። «ወንድሜ፣ እየተናገሩ ነበር አይደል? ዞረው ሲያመሰግኑህ ምን አሉህ? ቃሉን ንገረኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። የምጠይቀው ምን እንደሆነ ገባው፤ የአገር ልጅ ነው። «አልሰማሁም፣ እህቴ» አለኝ። «ብርድ ነበረ፤ እንደ ሁልጊዜው መስታወቱን ዘግቼዋለሁ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ፈገግ ብለው ነበር።»

ሐዘኔ ሁሉ ቁጣ ሆኖ ወጣ፤ ሌላ መውጫ አላገኘም። «በል ስማ! አባቴ የሞቱት ቆመህላቸው አይደለም፤ ሌላው ስላልቆመ ነው። አልቆምም ትላለህ? ነገ እዚያው ዜብራ ላይ የእኔ ቢጤ ሴት ስትሻገር ልትጨፈልቃት ነው? ትቆማለህ! አባቴ በየጠዋቱ በጸሎት የጠሩህ እንዳትቆም አይደለም!» አልኩት። እሱም «እሺ» አለ እንደ ልጅ። ከዚያ አብረን አለቀስን።

የሚኒባሱ ሹፌር ሽማግሌ ላከ፤ ሕጉም የራሱን አደረገ። ይቅር ብያለሁ፤ በአፌ ብያለሁ። ልቤ ገና በመንገድ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ጉብታው የተሠራው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ራሳቸው መጡ፤ በረንዳዬ ላይ ቆሙ። ዓይናቸው ቀልቷል። ልናገራቸው አፌ ላይ የደረሰ ነገር ነበር፤ ዋጥኩት። ወጥቼ ጨርቅ ላይ ምልክት በማደርግበት ጠመኔ አስፋልቱ ላይ አሰመርኩላቸው። «መኪናው ዜብራው አፍንጫ ሥር ድረስ መጥቶ አይቁም። ወደዚህ ራቅ ብሎ ይቁም፤ ከኋላው የሚመጣው የሚሻገረውን ሰው እንዲያይ» አልኳቸው። ጉብታውም ተሠራ፣ የመቆሚያውም መስመር እንዳልኩት ራቅ ብሎ ተቀባ። አሁን ከዱሮው በጣም ይሻላል፤ ይህን አልክድም። ልጆች ሲሻገሩ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ደስ ብሎኝም አለቅሳለሁ።

የአባቴ ወዳጅ ሹፌር ደግሞ የራሱን መላ አመጣ። እኛ ደጅ ላይ ሰው ሊያሻግር ሲቆም ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ አይሱዙውን አግድም ጠምዝዞ መንገዱን በሙሉ ይዘጋዋል። ከኋላው ማንም ሹልክ ማለት አይችልም። የኋለኞቹ ክላክስ ያንባርቃሉ፤ «እብድ! መንገዱ የአባትህ ነው?» ብለው ይሳደባሉ። መልስ አይሰጣቸውም። ትራፊክ ፖሊሱም ሁለት ሦስት ጊዜ ተቆጥቶት ነበር፤ ታሪኩን ሲሰማ ተወው።

እኔ ብቻ ነኝ በዚያ ዜብራ የማልሻገረው። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ወደ ታች ወርጄ፣ ድልድዩ ጋ ዞሬ ነው የምደርሰው። አባቴ የተቀበሩት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ከበረንዳዬ የግቢው ዛፎች ይታዩኛል፤ እንዲያም ሆኖ ዞሬ ነው የምሄደው። ቀን በረንዳ ላይ ሆኜ ሌላውን «ይሻገሩ!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ ማታ ተኝቼ የአባቴን ከንፈር አስባለሁ። ምን ይሆን ያሉት? ያውቁት የነበረውን ምርቃት ሁሉ እያነሳሁ እጥላለሁ። «መንገድህን ያቅናልህ» ይሆን? «ልጆችህን ያሳድግልህ» ይሆን? አንዱን መርጬ ለራሴ እወስደዋለሁ፤ ጠዋት ሲነጋ ልቤ አይቀበለውም።

ሙት ዓመታቸው ደረሰ። ዳቦ ጋግረን፣ ጠላ ጠምቀን፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልንወጣ ሆነ። የዳቦውን ሌማት የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ሴቶቹ በቀጥታ ወደ ዜብራው አመሩ፤ ለሙት ዓመት ዳቦ የተሸከመ ሰው ሁሉን አስከትሎ በድልድይ ልዙር አይልም። እኔም ተከተልኳቸው።

ከገሳይ በኩል አይሱዙው መጣ። አየን። እንደ ልማዱ አግድም ጠመዘዘና መንገዱን ዘጋው። ሴቶቹ ቀድመውኝ ገቡ። እኔ ሌማቱን ይዤ ከኋላ ነኝ። ከእሱ ጀርባ መኪናው ተደርድሯል፤ አውቶቡስ፣ ጭነት፣ ባጃጅ፤ ሁሉም ያንባርቃል። ያ ሁሉ ሰው ከሥራው፣ ከጉዳዩ የቆመው ለእኔ ነው። ባዶ ሆኖ የሚሄደውም የተጫነውም ስለ እኔ ነው የተገተረው። ፊቴ ጋለ። መሀል ላይ ስደርስ እግሬ ራሱ ቆመ፤ ማርያምን፣ እኔ አላቆምኩትም። ወደ ሹፌሩ ዞርኩ። ነጠላዬ ከትከሻዬ ወረደ። እኔ፣ ያቺ ስጮህ የምውለው ሴት፣ ሌማቱን እንደያዝኩ ጎንበስ አልኩ፤ ከንፈሬም ከእኔ ሳይማከር ተናገረ።

«አዘገየሁህ ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ።»

ይህን ስል ነው ያወቅኩት። ያ ቦታ ምርቃት የሚመጣበት ቦታ አይደለም። እዚያ ላይ የቆመ ሰው የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው በእኔ ምክንያት ተጉላላ የሚል ኀፍረት። አባቴም አልመረቁም ነበር። ዓመት ሙሉ ስመርጥ የከረምኩት ምርቃት ከአፋቸው አልወጣም። ጭነት አስቆሜ ነውር ሠራሁ ብለው፣ ፈገግ ብለው፣ ጋቢያቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይቅርታ ነበር የለመኑት።

«ምስጋናው ከማዶ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። የባጃጅ ልጆች ናቸው፤ ያን ቀን ማንም አልሳቀም። «ተሻገሪ እንጂ! ተሻገሪ!» ይላሉ። ሹፌሩም መስታወቱን አውርዶ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ በእጁ እለፊ ይለኛል። ሴቶቹ ከማዶ እጃቸውን ዘርግተዋል።

እኔ ተሻገርኩ። አባቴ ግን በገዛ መሻገሪያቸው ላይ፣ ይቅርታ እየለመኑ፣ እዚያው መሀል ቀሩ።